ቀዳዳ ያለው ከረጢት፦ ኢንዛይምን በናኖካፕሱል ወደ ካንሰር ሴል ስለ ማድረስ

(ይህ ጽሑፍ የሳይንስ ባለሙያ ላልሆኑ ሰዎች ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች የተደጋገመውን ቆርጫለሁ። መጨረሻ ላይ ከተጠየቅኳቸው ጥያቄዎች ሁለቱን ጨምሬያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ። የተጋበዝኩት ስለ ናኖካፕሱል፣ ማለትም መድኃኒት ስለሚይዝ እጅግ ጥቃቅን ከረጢት እንድናገር ነው። እኔ ግን ከጊኒ ፒግ ደም ልጀምር ነው። ታገሱኝ፣ ይገናኛል።

ጊዜው 1953 ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ጆን ኪድ የሚባል ተመራማሪ ዕጢ የተተከለባቸውን አይጦች ያጠናል። በሥራው መሃል የጊኒ ፒግ ሰረም ይወጋቸዋል። ሰረም ማለት ደም ከረጋ በኋላ ከላይ የሚቀረው ቢጫ ውሃ ነው። የአንዳንዶቹ አይጦች የሊምፎማ (የነጭ ደም ሴል ካንሰር) ዕጢ እየሟሸሸ ሄደና ጠፋ። ኪድ የፈረስ ሰረም ሞከረ፤ ምንም የለም። የጥንቸል ሞከረ፤ አሁንም ምንም። የጊኒ ፒግ ብቻ።

ምክንያቱ እስኪታወቅ 8 ዓመት ፈጀ። 1961 ላይ ጆን ብሩም የተባለ ሌላ ተመራማሪ አንድ የቆየ ሥራ አስታወሰ። ከ1922 ጀምሮ የጊኒ ፒግ ደም አስፓራጂኔዝ የሚባል ኢንዛይም እንዳለው ይታወቅ ነበር። ኢንዛይም ማለት አንድን ኬሚካላዊ ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። መረጃው 40 ዓመት ገደማ ተቀምጧል፤ ከካንሰር ጋር ያገናኘው ግን አልነበረም። ብሩም ዕጢውን የሚገድለው ይኸው ኢንዛይም መሆኑን አሳየ።

ነገሩ ወዲህ ነው። አስፓራጂን ሴሎች ፕሮቲን ለመሥራት ከሚጠቀሙባቸው 20 አሚኖ አሲዶች አንዱ ነው። ጤነኛ ሴል ከደም ቢያጣው እዚያው ራሱ ይሠራዋል። አንዳንድ የደም ካንሰር ሴሎች ግን ይህ ሙያ የላቸውም፤ ቢኖራቸውም አይበቃቸውም። ከደም እየወሰዱ ነው የሚኖሩት። ኢንዛይሙ ደም ውስጥ ያለውን አስፓራጂን ሲሰባብርባቸው ይራባሉ፣ ከዚያም ይሞታሉ። 1978 ላይ ከባክቴሪያ የሚመረተው አስፓራጂኔዝ አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየውን የደም ካንሰር፣ ማለትም አኪዩት ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያን ለማከም ዛሬም ዋና ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ይህ ኢንዛይም ካንሰር ሴል ውስጥ አይገባም። ውጭ ሆኖ ቀለብ ይቆርጣል። ወደዚህ ነጥብ ደጋግሜ እመለሳለሁ፤ ከሁሉም በላይ ልነግራችሁ የመጣሁት እሱን ነው።

ኢንዛይም ከሌላው መድኃኒት በምን ይለያል? አብዛኛው የካንሰር መድኃኒት አንዱ ሞለኪውል አንድ ቦታ ሄዶ ይጣበቃል፣ ሥራው በዚያው ያበቃል። ኢንዛይም ግን አንዱን ጨርሶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ራሱ አያልቅም። ቀይ የደም ሴላችን ውስጥ ያለው ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ ሥራውን በ1 ሰከንድ እስከ 1 ሚሊዮን ጊዜ ይደጋግማል። ሁሉም እንዲህ ፈጣን አይደለም፤ እሱ ከአንደኞቹ ነው። ቢሆንም ጥቂት ኢንዛይም ቦታው ላይ ቢደርስ ብዙ ይሠራል። ደስ የሚለው ይህ ነው። የሚያስፈራውም ይኸው ነው። የተሳሳተ ቦታ የደረሰ ኢንዛይምም አይደክመውም።

ሁለተኛው ጣጣ ኢንዛይም ስስ መሆኑ ነው። ኢንዛይም ረጅም ሰንሰለት ነው። ሥራ የሚሠራው ሰንሰለቱ በትክክል ሲታጠፍ ብቻ ነው። ሙቀት ወይም አሲድ እጥፋቱን ይፈታዋል። አንዴ የሳምንት ልፋቴን ብልቃጥ ውስጥ አድርጌ ጠረጴዛ ላይ ረስቼው ወደ ቤት ሄድኩ። ጠዋት ስመለስ ውሃው እንደ ትናንቱ ጥርት ያለ ነው። ምንም የተለወጠ አይመስልም። ብለካው ግን የሚሠራ ኢንዛይም የለም። ሞቶ ቁጭ ብሏል። አለቃዬ ያለኝን እዚህ አልደግመውም።

እንግዲህ ሰውነት ውስጥ ሲገባ አስቡት። በየቦታው ፕሮቲን የሚቆራርጡ ሌሎች ኢንዛይሞች አሉ። ትንሽ ከሆነ ኩላሊት አጣርቶ ያስወጣዋል። ከሁሉም የከፋው ግን የበሽታ መከላከያ ሥርዓታችን ነው። አስፓራጂኔዝ የባክቴሪያ ፕሮቲን ነው፤ ሰውነት እንደ ወራሪ ያየዋል። ፀረ እንግዳ አካል ያመርትበታል። አንዳንዱ ታካሚ ላይ ከባድ አለርጂ ይነሳል። ሌላው ላይ ደግሞ ምንም ምልክት የለም፤ ኢንዛይሙ ግን ውስጥ ለውስጥ ከሥራ ውጭ ይደረጋል። ሐኪሞች ይህን ዝምተኛ መክሸፍ ይሉታል። እኔን የሚያስፈራኝ ይኼኛው ነው። መድኃኒቱ ተሰጥቷል፣ ታካሚው ደህና ይመስላል፣ ካንሰሩ ግን ቀለቡ አልተቆረጠም።

የመጀመሪያው መፍትሔ ኢንዛይሙን ማልበስ ነበር። ፖሊኤቲሊን ግላይኮል የሚባል ውሃ ወዳድ ክር ይለጠፍበታል። ክሩ እንደ ፀጉር ይሸፍነዋል። እንዲህ የለበሰው አስፓራጂኔዝ 1994 ላይ ፈቃድ አገኘ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ያልለበሰው ደም ውስጥ በ1 ቀን ከሩብ ገደማ ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። የለበሰው ግን ወደ 6 ቀን ይጠጋል። ለታመመ ልጅ ይህ ማለት የመርፌው ቁጥር ይቀንሳል ማለት ነው።

ታዲያ ሰውነት ልብሱንም ለይቶ አወቀው። አንዳንድ ሰዎች በፖሊኤቲሊን ግላይኮሉ ላይም ፀረ እንግዳ አካል ያመርታሉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ! የበሽታ መከላከያ ሥርዓታችን እንደዚያ ነው። አንዴ ከደነገጠ የሚመስለውን ሁሉ ይጠረጥራል። ደግሞም ፀጉር ፀጉር ነው፤ በመሃሉ ሾልኮ መግባት ይቻላል። ስለዚህ ከልብስ ይልቅ ቤት ቢሠራለትስ የሚል ሐሳብ አለ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። 1957 ላይ ቶማስ ቻንግ የሚባል ወጣት በሞንትሪያል ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ነበር። የተማሪ መኖሪያ ክፍሉን ቤተ ሙከራ አድርጎ ሰው ሠራሽ ሴል ለመሥራት ተነሳ። ከደም ሴል የተወሰደውን ይዘት በስስ ሽፋን ጠቀለለው። 1964 ላይ ዘዴውን አሳተመ። 1971 ደግሞ አስፓራጂኔዝን በእንዲህ ያለ ከረጢት ውስጥ አድርጎ ለአይጦች ሰጠ። የአይጦቹ ዕጢ ኪድ ከ18 ዓመት በፊት ሲያጠናው የነበረው ዓይነት ነበር። ዕድገቱ ዘገየ።

የቻንግ ብልሃት ምንድን ነው? ከረጢቱ ወንፊት ነው። ቁጥሩን ተመልከቱ። አስፓራጂን የሚባለው ቀለብ ሞለኪውላዊ ክብደቱ 132 ነው። ቀለቡን የሚሰብረው ኢንዛይም ወደ 140 ሺህ ይጠጋል። የሺህ እጥፍ ልዩነት ነው። ቀዳዳው በመካከል ከተለካ ቀለቡ ይገባል፣ ተሰባብሮ ይወጣል፤ ኢንዛይሙ ግን እዚያው ይቀራል። ፀረ እንግዳ አካል የሚባለውም ክብደቱ ወደ 150 ሺህ ነውና ከውጭ ይቀራል። ማለትም ከረጢቱ ፈጽሞ ሳይከፈት ሥራው ይሠራል። እኔ ይህን ሐሳብ መጀመሪያ ሳነበው ብድግ ብዬ ክፍሉን ሁለቴ ዞሬዋለሁ። እንዲህ ቀላል ነገር ሆኖ!

ቀላል ያልሆነው መጠኑ ነበር። የቻንግ ከረጢቶች ለዓይን ትንሽ ቢሆኑም ለደም ሥር ትልቅ ናቸው። በጣም ቀጭኑ የደም ሥራችን ስፋቱ ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር ነው። ቀይ የደም ሴል እንኳ ተጣጥፎ ነው የሚያልፍበት። ከዚያ የገዘፈ ነገር መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ማነስ የግድ ነው። እዚህ ላይ ነው ናኖ የሚለው ቃል የሚመጣው። 1 ናኖሜትር የ1 ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በጣም ብታሳንሱትም ሌላ ችግር አለ፤ ከ6 ናኖሜትር በታች የሆነውን ኩላሊት ቶሎ ያስወጣዋል። በጣም ካተለቃችሁት ጉበትና ጣፊያ ይይዙታል። የሚሠራበት ክልል ከ10 እስከ 200 ናኖሜትር ገደማ ነው። በዚህ ክልል ቀድሞ የተሳካለት ሊፖዞም ነው። ሊፖዞም ከስብ የተሠራ አረፋ መሳይ ነገር ነው። የኬሞቴራፒ መድኃኒት የያዘ ሊፖዞም 1995 ላይ አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። እሱ የያዘው ግን ትንሽ ኬሚካል እንጂ ኢንዛይም አይደለም።

ለኢንዛይም የተሠራውና እኔ በጣም የምወደው ዘዴ የወጣው 2010 ላይ ነው። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እያንዳንዱን ኢንዛይም ለየብቻ ጠቀለሉት። አንድ ኢንዛይም፣ አንድ ቅርፊት። አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ኢንዛይሙ ገላ ላይ ጥቃቅን መያዣዎች ይለጠፋሉ። ከዚያ የፕላስቲክ መሥሪያ የሆኑ ትንንሽ ሞለኪውሎች ውሃው ውስጥ ይጨመራሉ። እነሱ ኢንዛይሙን ይከቡታል፤ መያዣዎቹን ይዘው እርስ በርስ ይሰካካሉ። መረብ ይሆናሉ። በመረቡ ውስጥ ደግሞ አገናኝ የሚባሉ ማሰሪያዎች አሉ። የዚህ ሁሉ ቁልፍ ያለው እነሱ ጋ ነው። ማሰሪያው በአሲድ የሚፈታ ከሆነ ቅርፊቱ አሲድ ሲያገኝ ይበተናል። የማይፈታ ከሆነ ለዘለዓለም ዝግ ነው። የምትፈልጉትን ትመርጣላችሁ።

ሙከራው ውስጥ ካስፔዝ 3 የሚባል ኢንዛይም ነበር። ይህ የሴል ራስን ማጥፊያ ኢንዛይም ነው። ሴል መሞት ሲኖርበት ይነቃና የሴሉን ፕሮቲኖች ይቆራርጣል። ተመራማሪዎቹ በሚፈታ ቅርፊት አድርገው ካንሰር ሴሎች ላይ ሲያፈሱት ሴሎቹ ሞቱ። በማይፈታ ቅርፊት ያደረጉት ግን አልገደለም። ለምን? ካስፔዝ የሚቆርጠው ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን በወንፊቱ አይገባም። ቢላው ሳጥን ውስጥ ነው፣ የሚቆረጠው ውጭ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ደረስኩ። ሰው ስለ ኢንዛይም ካፕሱል ሲያወራ ስለ አድራሻ ነው የሚያወራው። እንዴት ካንሰሩን ያገኘዋል፣ ይላል። እኔ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ኢንዛይሙ የሚሰብረው ነገር ምን ያህላል የሚለው ነው ባይ ነኝ። ትንሽ ከሆነ፣ ለምሳሌ አሚኖ አሲድ ወይም ስኳር፣ ካፕሱሉ መከፈት የለበትም፤ ሴል ውስጥ መግባትም ላያስፈልገው ይችላል። ትልቅ ከሆነ ግን መግባት አለበት፣ ገብቶም መከፈት አለበት። ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ አይገናኙም። አንዱ አስቸጋሪ ነው፤ ሌላው ደግሞ ከዚያ በብዙ የባሰ ነው።

አድራሻውን ግን ሳልነካው አላልፍም፤ ብዙ የተወራበት ነውና። 1986 ላይ ሁለት ጃፓናውያን ተመራማሪዎች፣ ያሱሂሮ ማትሱሙራና ሂሮሺ ማኤዳ፣ የዕጢ ደም ሥሮች የሚያፈሱ መሆናቸውን ጻፉ። ዕጢ በጥድፊያ ስለሚያድግ ደም ሥሩ በቅጡ አይገጣጠምም። ጤነኛ ደም ሥር የማያሳልፈውን ትልቅ ነገር ያሳልፋል። የገባው ደግሞ ቶሎ አይወጣም። ይህ ግኝት ለአንድ ሙሉ የምርምር መስክ መነሻ ሆነ። ናኖ መጠን ያለው ነገር ብቻ ሥሩ፣ ዕጢው ራሱ ይሰበስበዋል ተባለ።

30 ዓመት ቆይቶ፣ 2016 ላይ፣ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአሥር ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው ቆጠሩ። ከተወጋው ናኖ ቅንጣት ውስጥ ዕጢው ጋ የደረሰው ስንት ነው? መካከለኛው ቁጥር ከመቶ 0.7 ነው። አንድ እንኳ አይሞላም። አብዛኛው የት ሄደ? አብዛኛው የቀረው ጉበትና ጣፊያ ጋ ነው። ይህ ቁጥር ሲወጣ በመስኩ ብዙ ክርክር ተነሳ። አቆጣጠሩ ልክ አይደለም ያሉ ነበሩ። እኔ ግን ጥሩ አደረጉ እላለሁ። ጋዜጣ ላይ ካንሰርን ለይቶ የሚመታ ናኖ ጥይት የሚል ርዕስ ሳይ ይኸው 0.7 ትዝ ይለኛል። ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆን።

ስለዚህ ምልክት እንለጥፍበት ተባለ። አንዳንድ ካንሰር ሴሎች ገላቸው ላይ ከሌላው የበዛ ተቀባይ አላቸው። ፎሌት የሚባለውን ቪታሚን የሚይዝ ተቀባይ በብዙ የሴቶች እንቁላል ማምረቻ (ኦቫሪ) ካንሰሮች ላይ ይበዛል። ብረት ተሸካሚውን ትራንስፌሪን የሚይዝ ተቀባይ ደግሞ ቶሎ ቶሎ በሚባዙ ሴሎች ላይ ይበዛል። ካፕሱሉ ገላ ላይ ፎሌት ወይም ፀረ እንግዳ አካል ብትለጥፉ ይይዘዋል። ጥሩ ነው። ግን አንድ ስህተት አለ፤ ምልክቱ ካፕሱሉን አይመራውም። ካፕሱል ዓይን የለውም። የሚንሳፈፈው ደም ወደወሰደው ነው። ምልክቱ የሚሠራው ሴሉን ከነካ በኋላ ብቻ ነው። ሲነካው ይጣበቃል፣ ይገባል። ሳይነካው ካለፈ ግን ምልክት ቢኖረውም ባይኖረውም ያው ነው። ደግሞ ካፕሱሉ ደም ውስጥ እንደገባ የደም ፕሮቲኖች ይለጠፉበታል። ምልክቱ ከሥር ተቀብሮ ሊቀር ይችላል።

እውነቱን ለመናገር አድራሻ በደንብ የተሳካው ከካንሰር ውጭ ነው። ጎሼ የሚባል በዘር የሚወረስ በሽታ አለ። ታካሚዎቹ አንድ ስብ የሚሰብር ኢንዛይም ይጎድላቸዋል። ስቡ ማክሮፋጅ በሚባሉ በላተኛ ሴሎች ውስጥ ይከማቻል። ሮስኮ ብሬዲና ባልደረቦቹ ኢንዛይሙን ከእንግዴ ልጅ አወጡት። መጀመሪያ ሲሰጡት አብዛኛው ወደ ሌላ ሴል እየሄደ አስቸገረ። ኢንዛይሙ ላይ የስኳር ሰንሰለቶች አሉ። የሰንሰለቱን ጫፍ ከርክመው ማኖዝ የሚባለውን ስኳር ገለጡት። ማክሮፋጅ ማኖዝ ሲያይ ይውጣል። 1991 ላይ መድኃኒቱ ፈቃድ አገኘ። ታዲያ ለምን እዚያ ተሳካ? ማክሮፋጅ ድሮም ሥራው መዋጥ ነው፤ የሚኖረውም ጉበትና ጣፊያ ውስጥ ነው። ሌሎቻችን መንገድ ላይ የምንቀማበት ቦታ ለእነሱ መድረሻቸው ነበር።

እሺ፣ ካፕሱሉ ደረሰ እንበል። ሴሉም ዋጠው። አለቀ? አላለቀም። የዋጠው ነገር ሁሉ ኢንዶዞም በሚባል ከረጢት ተጠቅልሎ ነው የሚገባው። ማለትም ገብቶም ውስጥ አልገባም። ከረጢቱ እያደር አሲድ ይሆናል። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ይባላል፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይበረታል። ደም ፒኤቹ 7.4 ነው። ኢንዶዞም ወደ 6፣ ከዚያም ወደ 5.5 ይወርዳል። ቀጥሎ ላይሶዞም ይመጣል፤ እሱ የሴሉ ሆድ ነው፣ ፕሮቲን ይፈጫል። ካፕሱሉ ከዚያ በፊት ካላመለጠ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ። ማምለጥ ምን ያህል ከባድ ነው? ሌላ ዓይነት ጭነት፣ አርኤንኤ የሚባለው የዘረመል ሞለኪውል አጫጭር ቁራጭ፣ በስብ ቅንጣት ውስጥ ተደርጎ ሲላክ 2013 ላይ ተለክቷል። ያመለጠው ከመቶ 1 እስከ 2 ብቻ ነበር። በሩቅ አገር ተጉዞ በር ላይ መቅረት ማለት ይህ ነው።

በሩን ካለፈ በኋላ የሚጠብቀው ነገርም አለ። አርኤንኤን የሚቆራርጡ አርኤንኤዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች አሉ። ካንሰር ሴል ውስጥ ቢለቀቁ ሴሉ ፕሮቲን መሥራት ያቆማል። ጥሩ መሣሪያ ይመስላል። ሴላችን ግን ለዚህ ተዘጋጅቷል፤ አርኤንኤዝን ይዞ የሚያስር ፕሮቲን አለው። አጣብቆ ነው የሚይዘው። ማሰሪያው በደንብ የማይዘው አርኤንኤዝ ግን ከአንድ የሰሜን አሜሪካ እንቁራሪት እንቁላል ተገኘ። ሳንባን የሚሸፍነው ስስ ቆዳ ላይ በሚነሳው ሜሶቴሊዮማ በሚባል ካንሰር እስከ ሦስተኛው ደረጃ ሙከራ፣ ማለትም ከፈቃድ በፊት በብዙ ታካሚዎች ላይ እስከሚደረገው ፈተና ድረስ ሄደ። የታካሚዎቹን ዕድሜ ግን አላረዘመም። አንዱ ችግር ኩላሊት ላይ መከማቸቱ ነው። በዚህ ዓይነቱ ኢንዛይም ላይ ካፕሱል ቢገጠም ትርጉም ይኖረዋል ብዬ አስባለሁ። ኩላሊትን ያድናል፣ መንገድ ላይም አይሠራም።

ካፕሱሉ ሴል ውስጥ መግባቱን በምን ያውቃል? አሲዱ አንድ ምልክት ነው። ሌላው ግሉታታዮን ነው። ግሉታታዮን ሴል ውስጥ ከውጭ ይልቅ በሺህ እጥፍ ገደማ ይበዛል። በድኝ ለድኝ የታሰረ ማሰሪያ ግሉታታዮን ሲያገኝ ይፈታል። ደም ውስጥ ዝግ ነው፣ ሴል ውስጥ ክፍት። 2019 ላይ የዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዘረመል መቁረጫውን ካስ9 25 ናኖሜትር ገደማ በሆነ እንዲህ ያለ ካፕሱል ውስጥ አስገብተው አድርሰዋል። ካስ9 ትልቅ ኢንዛይም ነው። እሱ ከገባ ሌላውም ይገባል የሚል ተስፋ ይሰጣል።

አንዳንድ ተመራማሪዎች ደግሞ እኔ ባልኩት በቀላሉ መንገድ ሄደዋል። ግሉኮዝ ኦክሲዴዝን ዕጢው ውስጥ ያስቀምጣሉ። ይህ ኢንዛይም ግሉኮዝን ይበላል፣ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ የሚባለውን መርዝ ይተፋል። ካንሰር ሴል ስኳር ይወዳል፤ ስለዚህ ይራባል፣ ይመረዛልም። ግሉኮዝ ትንሽ ነውና በወንፊቱ ያልፋል። ወረቀት ላይ ድንቅ ነው። ግን ኢንዛይሙ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ የዕጢ መሃል ኦክስጅን የለውም ማለት ይቻላል። ደግሞ ግሉኮዝ በመላው ሰውነት አለ። ካፕሱሉ ጉበት ውስጥ ከቀረ እዚያም ይሠራል። መጀመሪያ ያልኳችሁ አለመድከሙ እዚህ ይመጣል። ስለዚህ እንዲህ ላለው ኢንዛይም መዘጋት ብቻ አይበቃም፤ ዕጢው ጋ እስኪደርስ መተኛትም አለበት።

መተኛት የማይፈልገው አስፓራጂኔዝ ነው። እሱ ደም ውስጥ ቢሠራም ያሰብነው ቦታ ነው። ለዚህም አንዳንዶች ካፕሱል መሥራቱን ትተው ተፈጥሮ የሠራችውን ወሰዱ። ቀይ የደም ሴል! በዓመታት ልምድ የተሠራ ወንፊት ነው፣ ደም ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል፣ የበሽታ መከላከያውም ያውቀዋል። ሴሉን ለአፍታ እንዲለጠጥ አድርገው ኢንዛይሙን አስገብተው ዘጉት። በተስፋፋ የቆሽት ካንሰር ላይ ከ500 በላይ ታካሚዎች የተሳተፉበት ሦስተኛ ደረጃ ሙከራ ተደረገ። 2021 ላይ ውጤቱ መጣ። ከኬሞቴራፒ ጋር ተጨምሮ ዕድሜ አላረዘመም። ቤቱ ጥሩ ነበር። በእኔ ግምት ያልሠራው ምርጫው ነው፤ የቆሽት ካንሰር ሴል ቀለብ ሲቆረጥበት እንደ ደም ካንሰሩ ቶሎ እጅ አይሰጥም።

ከጥያቄዎቹ የመጀመሪያው ከአንዲት እናት የመጣ ነው። ኢንዛይም ካንሰርን የሚገድል ከሆነ በአፍ የሚዋጠው የኢንዛይም እንክብል አይሆንም ወይ አሉኝ። አይሆንም። የተዋጠ ኢንዛይም ፕሮቲን ነውና ጨጓራና አንጀት እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ይፈጩታል። አንዳንድ እንክብሎች ምግብ ለመፍጨት ለሚቸገር ሰው አንጀት ውስጥ ይሠራሉ፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ደም ውስጥ ገብቶ ዕጢ ጋ የሚደርስ ግን የለም። ሐኪም ያዘዘውን ሕክምና ትቶ በእሱ የሚተካ ሰው ካጋጠማችሁ እባካችሁ አታልፉት፣ ተናገሩት አልኳቸው።

ሁለተኛውን የጠየቀኝ ኋላ ተቀምጦ የነበረ ወጣት ነው። ኢንዛይሙ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ቅርፊቱ የት ይሄዳል አለኝ። በጣም ነው የወደድኩት፤ ብዙ ተመራማሪም ይህን ጥያቄ ይዘለዋል። ማሰሪያው ሲፈታ መረቡ ወደ ክሮች ይበተናል። ክሮቹ ራሳቸው ግን አይፈርሱም። አከርካሪያቸው ካርቦን ከካርቦን የተያያዘ ነውና ሰውነታችን የሚቆርጥበት መቀስ የለውም። አጫጭሮቹን ኩላሊት ያስወጣቸዋል። ረጃጅሞቹ ጉበት ውስጥ ይቆያሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ለሚሰጥ መድኃኒት ይህ ላያሳስብ ይችላል። የደም ካንሰር ያለበት ልጅ ግን አስፓራጂኔዝ የሚወስደው በወራት ውስጥ ተደጋግሞ ነው። ስለዚህ አሁን አንዳንዶች ሰውነት ሊፈጨው ከሚችል ነገር፣ ለምሳሌ ከአሚኖ አሲድ ሰንሰለት፣ ቅርፊት ለመሥራት እየሞከሩ ነው። ወጣቱ ቀጠለና፣ ሰውነት የሚፈጨው ከሆነ ደም ውስጥ ያሉት ቆራጮች መንገድ ላይ አይፈጩትም ወይ አለኝ። ይፈጩታል። ለዚያ ነው ሥራው የሚዘገየው።